የወንድሜ ትርታ

ትርታ መቁጠር ያስተማረኝ ጣልያን ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አሉ፤ ከጠላት እጅ ምን ተማርኩ ትላለህ ይሉኛል። ለመከራከር አቅሙ የለኝም። እንጀራ ፍለጋ ጎንደር ገባሁ፤ መጀመሪያ ለግንበኞች ድንጋይ አቀበልኩ፤ ኋላ ቋንቋቸው ቶሎ ስለገባኝ ለአገሬው ሰው በተለየችው የሕክምና ክፍል ቁስል አጣቢና አስተርጓሚ ሆንኩ። ይኸው ነው። ጀግንነት የለበትም፣ ክህደት ብዬም አልጠራውም። ከዚያ ጊዜ ከምንም በላይ የማስታውሰው ድካሙን ነው።

ክፍሏ ሁለት ጠባብ ቤት ነበረች፣ ክዳኗ ቆርቆሮ። ሲነጋ ደጁ ሞልቶ ይቆየናል። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች እጃቸው ተቃጥሎ ይመጣሉ፤ ከቆላ ወባ፣ ከደጋ ሳል፣ ከየትም ከየትም ጥይት የነካው ሰው ይመጣል፤ በጥይት የተመታው ሁሉ ደግሞ በሬ ወግቶኝ ነው ይላል። እኔም በሬ ወግቶት ነው ብዬ አስተረጉማለሁ። ጣልያኑ ሐኪም ቁስሉን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል፣ ዝም ብሎ ይሰፋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ እሱንም ወባ የማይለቀው ሰው ነበር። አይጮህም፤ ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው። ደግ ነበር ለማለት ግን ይከብደኛል፤ አለመጮህና ደግነት አንድ አይደሉም።

አንድ ዓመት ሹማምንቱ ለራሳቸው በዓል የእግር ሩጫ አዘዙ። የአገሬው ሰው በእንግዶች ፊት እንዲሮጥ ተባለ። ሐኪሙም ሯጮቹን አስቀድሞ እንዲመረምር ታዘዘ፤ ለሯጮቹ ታዝኖ አይደለም፤ ሰው ትልቅ ሹም ፊት ተዘርሮ በዓሉን እንዳያበላሽ ነው። የመጡት ደብዳቤ ይዘው ዳባትና ደባርቅ የሚመላለሱ እግረኞች፣ በገና ጨዋታ የታወቁ ጎልማሶችና ጥቂት ወታደሮች ነበሩ። ሐኪሙ የሕንፃውን ደረጃ ሃያ ጊዜ ውጡ ውረዱ ይላቸዋል፤ ከዚያ ትርታቸውን እየቆጠረ ስንት ጊዜ ፈጅቶ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ያያል። ሁለት ጣቴን ይዞ የት ላይ እንደማስቀምጥ ያሳየኝ ያን ጊዜ ነው። ከንፈሩ የሚጠቁረውን፣ ተቀምጦ እያለ የአንገቱ ሥር የሚገተረውን፣ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣት ስትጫነው ጎድጉዶ የሚቀረውን ለይ አለኝ። እነዚህ አይሮጡም።

ከደብዳቤ ተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ቅልጥሙ ብቻ የሆነ የጃናሞራ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ሳለ ትርታው አርባ አምስት ሆኖ አገኘሁት። ሊሞት ነው ብዬ ሮጬ ሐኪሙን ጠራሁት። አዳመጠውና ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ያየሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። «ይህ ሰው አልታመመም» አለኝ። «ዕድሜውን ሙሉ አቀበት የወጣ ልብ ትልቅ ይሆናል፤ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፤ ስለዚህ መቸኮል አያስፈልገውም። ዝግ ያለና የተስተካከለ ከሆነ አትፍራው።» ይህች ነገር ደስ አለችኝ። እኛ የምንፈራው የዘገየውን ነው፤ ለካ የሚያስፈራው የሚጣደፈውና የሚደናቀፈው ኖሯል። ለሳምንት ያህል ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጅ እየያዝኩ ስቆጥር ሰነበትኩ።

ወንድሜ የመጣው በዚያው ዓመት፣ ኅዳር ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። አገራችን ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ከኔ በአራት ዓመት ያንሳል፤ አያ ነበር የሚለኝ። ያን መንገድ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚጨርስ ሰው ነበር። በዚያ ጊዜ ሁለት ቀን ፈጀበት።

«ምነው፣ ማን ያዘህ?» አልኩት።

«ማንም። እየተቀመጥኩ ነው የመጣሁ። ትንፋሼ አልበቃኝ ይላል።»

በኛ አጥቢያ ገና የሚጫወቱት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ነው። ሩሯን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ በቆልማማው የገና ዱላ እየመቱ በሌላው ወገን ሜዳ ዳር ማሳለፍ ነው ሥራው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሜዳው ዳርቻ የለውም፣ እስኪመሽ ሩጫ ነው። ወንድሜ አምስት ዓመት ሙሉ የታች ቤት አበጋዝ ነበር፤ ቡድኑን የሚመራው፣ ሰልፉን የሚያወጣው እሱ ነው። ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። መሬታችን ጠባብ፣ በሬያችን አንድ፣ እሱም ገና አላገባ። በገና ዕለት ግን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉለታል።

ሐኪሙ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠው። አስተኝቶ አዳመጠው፣ በግራ ጎኑ አስተኝቶ ደግሞ አዳመጠው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በልጅነቱ ጉሮሮውን ታሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ታሟል፤ እናታችን እንጥል ቆራጭ አስመጥታ እንጥሉን አስቆረጠችው አልኩት። ከዚያስ በኋላ? ከዚያ በኋላ ጉልበቱ አበጠ፣ እሱ ሲሻለው ክርኑ፣ ክርኑ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ። አንድ ክረምት እየዳኸ ከረመ። ቁርጥማት ነው ብለን ጠበል ወሰድነው፤ ተሻለው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

«አልተሻለውም። ከጉልበቱ ወጥቶ ልቡ ገባ» አለ። በወረቀት ልብ ሥሎ አሳየኝ። የልቡ በር ጠባሳ ይዞታል፣ በደንብ አይገጥምም፣ የተገፋው ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ጉልበት እያለው፣ እየሮጠ፣ ማንም ሳያውቅበት አሥራ አምስት ዓመት ኖረ። አሁን ግን ልቡ ታክቷል። ሩጫ የለም፣ ሸክም የለም። ከቅጠል የተዘጋጀ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠው፤ ጠዋት አሥር ጠብታ፣ ማታ አሥር ጠብታ፣ እስከ ገና የሚበቃ አንድ ጠርሙስ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለኔ ተናገረ። ካቅለሸለሸው፣ ካስመለሰው፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ከታየው፣ ትርታው ከልክ በላይ ከዘገየ ወዲያው ያቁም፤ ይህ ቅጠል በልኩ ያድናል፣ ከልኩ ካለፈ ይገድላል አለ።

ይህን የመጨረሻውን ለወንድሜ አላስተረጎምኩለትም። ጣልያን በመርዝ ጭስ ሰው የፈጀበት ዘመን ነው። ከጣልያን እጅ የተቀበልከው መድኃኒት ሊገድልህ ይችላል ብዬ ብነግረው ጎንደርን ሳይለቅ ገደል ይጨምረው ነበር። ስለዚህ ዋጥኩት። ሳስበው ያን ቀን የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር።

ለወንድሜ የገባችው አንዲት ነገር ብቻ ናት። «ገናንም?» አለ።

«ገናንም።»

«ምነው አያ! ታች ቤት ማንን ይዞ ሊወጣ? ላይ ቤቶች ሰምተው ሲስቁ ልይ?»

ደጁ ላይ ሠላሳ ሰው ይጠብቀኛል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ በሩን ትደበድባለች። ቀጥዬ ያልኩትን ሐኪሙ ብሎኝ ቢሆን እንዴት በወደድኩ፤ ግን አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። «ስማ፤ ጠብታውን ሳታጓድል ውሰድ። ገና ዕለት ስመጣ ጠርሙሱን ባዶ ሆኖ ካገኘሁት፣ ትርታህም ዝግ ብሎ ከተስተካከለ፣ ጥቂት ትጫወታለህ» አልኩት። ፊቱ በራ። ጠርሙሱን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ፣ «እሽ አያ፣ አንዲት አትጎድልም» ብሎኝ ሄደ። ሄደልኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መሄዱ አሳርፎኝ ነበር።

በኅዳር እኩሌታ ጾመ ነቢያት ገባ። እኔ በዚያ ሰሞን ጾም ትቼ ነበር። ከጣልያኖቹ ወጥ ቤት የተረፈውን የምበላ ሰው ረቡዕና ዓርብን ከየት አመጣለሁ! ጠዋት አሥር ጠብታ ስለው፣ ጠዋት ማለት ለወንድሜ አፍ የማይከፈትበት ሰዓት መሆኑ በጭራሽ አልታሰበኝም። በኛ ቤት በነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀመስ። የንስሐ አባታችንን ቢጠይቃቸው ለመድኃኒት ነው ብለው ይፈቱለት ነበር። እሱ ግን ያን የሚያህል ጎልማሳ ሆኖ እንደ አራስ ጾም ፍቱልኝ ማለት አፈረ።

የገና ዕለት ከሐኪሙ ፈቃድ አግኝቼ በጠዋት ዱቄት በጫነ ማኪና ላይ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አራት ሰዓት ገደማ ቤታችን ስደርስ ወንድሜ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቀ፣ የገና ዱላውን ቅቤ እያሸ ቁጭ ብሏል። ከሳ ብሏል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል። እንኳን አደረሰህ ሳይለኝ ጠርሙሱን ከብብቱ አውጥቶ ዘቀዘቀልኝ።

«ባዶ ነው አያ። እይ።»

ባዶ ነበር። ቁርጭምጭሚቱን ተጫንኩት፤ ጎድጉዶ አልቀረም። እጁን ያዝኩና ቆጠርኩ። አርባ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አርባ ስምንት፣ ዝግ ያለ፣ አንድም ሳይደናቀፍ። ያ የጃናሞራ ሰው ትዝ አለኝ። አቀበት የወጣ ልብ፣ አትፍራው። በኅዳር መግቢያ መቶ ሲያልፍ የነበረው ትርታ እንዲህ መስከኑ እንባዬን አመጣው። ድኗል አልኩ። ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ እሱ እንዳያይብኝ።

እናታችን ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ጠዋት አስመለሰው እኮ፤ ፍስኩ አልተስማማውም» አለችኝ። በገና ዕለት ከአርባ ቀን ጾም በኋላ ጥሬ ሥጋ በልቶ የማያስመልስ ማን አለ? የአጥቢያው እኩሌታ ሆዱን ይዞ ነው የሚውለው። ሐኪሙ የነገረኝ አልጠፋኝም፤ ካስመለሰው ብሎኝ ነበር። ግን ደስታዬን ማን ይንጠቀኝ? ሥጋ እንዳትጨምር ብቻ አልኩት።

ያን ዓመት ጨዋታው የተፈቀደው በመከራ ነው። ዱላ የያዘ መቶ ሰው አንድ ላይ ሲሰበሰብ ጣልያን ይጨንቀዋል። ሽማግሌዎች ጦር ሰፈሩ ድረስ ሄደው ለምነው፣ ወታደሮች ከነጠመንጃቸው ሜዳው ዳር እንዲቆሙ ተብሎ ተፈቀደ። ስምንት ሰዓት ላይ ወጣን። ወንድሜን አትሩጥ፣ መሐል ቆመህ ሰልፉን ምራ፣ ሩሯ ከመጣችልህ ምታት አልኩት። ታዘዘኝ። ያን ቀን በነገር ሁሉ ታዝዞኛል። አንዴ ሩሯ እግሩ ሥር መጣችና ከተራራ ወዲያ የምትሰማ በሚመስል ምት ላካት፤ የታች ቤት ሴቶች እልል አሉ። እኔም ጮኽኩ፤ ወታደሮቹ መኖራቸውንም ረሳሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጨዋታውን ትቶ ወደኔ መጣ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«አያ፣ ሜዳው ምነው ቢጫ ሆነ?»

«ታኅሣሥ አይደል? ሣሩ ደርቆ ነው።»

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጋቢዬን ነካ። «ያንተም ጋቢ ቢጫ ነው። የሰዉም ፊት።»

ጋቢዬ ለበዓሉ የታጠበ፣ እንደ ወተት የነጣ ነበር። «ጠርሙሱን መቼ ነው የጨረስከው?» አልኩት።

«ዛሬ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ።»

«ምን ያህል ቀርቶ ነበር?»

«ሲሶው ገደማ። የጠዋት የጠዋቱን ለፍስክ አቆየሁት እንጅ። ጾም ልግደፍ? ዛሬ በባዶ ሆዴ ግጥም አደረግኩት፤ ኮሶስ በአንድ ጊዜ አይደል የሚጠጣ?» ከዚያ የኔን ፊት አየና ፈራ። «ባዶ ይሁን ብለኸኝ የለም አያ?»

መሬት ላይ አስተኛሁት። ጣቴን ጉሮሮው ከትቼ ላስመልሰው ሞከርኩ፤ የሚወጣ አልነበረም፣ ከጠዋት ጀምሮ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ወደ ወታደሮቹ ሮጥኩ። በቋንቋቸው ለመንኳቸው፤ እስከ ጎንደር የሚያደርሰኝ ማኪና፣ ምንም ቢሆን፣ የድንጋይም የከብትም ብዬ ለመንኳቸው። አለቃቸው ማኪና እንደሌለና ከአሥር ሰዓት በኋላ መንገዱ እንደሚዘጋ ነገረኝ። ወንድምህ ሰክሯል፣ ይተኛ አለኝ። ተመለስኩ። ሰዉ ከቦት አየሩን ይከለክለዋል። ገፍቼ ገባሁና እጁን ያዝኩት።

ሁለት ምት፣ ከዚያ ዝም። ሦስት ምት፣ ከዚያ ረጅም ዝም። ሐኪሙ ቢኖር ምን ያደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ከመቁጠር በቀር የሚያደርገው አልነበረው ይሆናል። ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ፣ «ተጫወትኩ አይደል?» አለኝ። ተጫወትክ፣ ሸጋ አድርገህ አልኩት። ፀሐይዋ ሳትገባ ትርታው ጣቶቼ ሥር ቆመ። መቆሙን እያወቅኩ ብዙ ቆጠርኩ፤ ከየት ጀምሬ የት እንደደረስኩ አላውቅም።

ሰዉ የየራሱን ተናገረ። ያን ምት ያየ ሰው በዓይኑ በላው አሉ። ሌሎቹ ጣልያን በመድኃኒት ስም መርዞ ገደለው አሉ፤ ይህንን ሲሉ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ጎንደር ተመልሼ ለሐኪሙ ነገርኩት። «ማስጠንቀቂያውን ነግረኸው ነበር?» አለኝ። ነግሬዋለሁ አልኩት። እሱም ጠብታው በጾም እንዴት ይወሰዳል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ግን ያ የሱ ነው፣ የኔን አያቃልልልኝም። በሽተኞች መጥተዋል አለኝና ሁለታችንም ተነሣን።

ጣልያን ከወጣም በኋላ በዚያው ሥራ አረጀሁ። ልቡ የደከመ ሰው፣ ሯጭ ይሁን ገበሬ፣ መድኃኒት ስሰጠው መጀመሪያ የምጠይቀው ትጾማለህ ወይ ብዬ ነው። ያመለጠህን አትተካው እለዋለሁ፤ ያመለጠህ አመለጠህ። እንዴት እንደሚወስደው በራሱ አፍ ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ። ሰዎች ነዝናዛ ነው ይሉኛል። ነኝ።

በአርባው ተዝካር ሰዉ ሲበተን እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ መሬት መሬት ታያለች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ» አለች። «ጠዋት ሊጠጣው ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት። ጾም ነው፣ አትቅመስ አልኩት። የጠዋቱን ስላስቀረሁበት ነው የሞተብኝ? አርባ ቀን ሙሉ ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።»

ሌላ ቦታ ልመለከት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። «አይደለም እማ» አልኳት። «ኋላ የቀረውን ሁሉ ወስዶታል። አንድ ጠብታ አላስቀረም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ትከሻዋ ሲላላ አየሁት። «ተመስገን» አለች። «እንግዲያ አንተ ያልከውን ሁሉ አድርጓል።»

«አዎ» አልኳት። «ያልኩትን ሁሉ አድርጓል።»